ለአራት ሚሊ ቦታ ያጣ ሰፈር

ቦሌና ከቦሌ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው የአዲስ አበባ ሰፈር የሚማረርበት ነገር አያጣም። የቤት ኪራይ አለ፣ የውሃ ፈረቃ አለ፣ ከመገናኛ እስከ አያት የሚዘልቅ የመኪና ሰልፍ አለ። ለእነዚህ ቢያንስ ስብሰባ ይጠራላቸዋል፣ ሬዲዮም ያወራላቸዋል። የእኔ እሮሮ ግን ባለቤት የለውም። ጣሪያው ይጮኻል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሴራሚኩ ይነሳል፣ ምጣዱ ለሁለት ይከፈላል። «ምነው?» ብለን ስንጠይቅ ቀን ከሆነ «ፀሐይ ነው» ይሉናል፤ ማታ ከሆነ ደግሞ «ብርድ ነው»። ፀሐይን በየትኛው ችሎት እንክሰሳት?

ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለውጭ ጎብኚ ሲያስተዋውቁ የመረጡት መፈክር «የ13 ወር ፀሐይ» የሚል ነበር። አልዋሹም። ጎብኚው ግን ሆቴል አድሮ ይሄዳል፤ ከፀሐይዋ ጋር የሚኖረው ባለቆርቆሮው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰሚት ወይም አያት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት 24 እና 25 ዲግሪ የነበረው አየር ሊነጋ ሲል ወደ 5 እና 6 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሲብስም ሣሩ ላይ ውርጭ ይጥላል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጥን ከራሳችን በላይ ያለው አየር ስስ ነው። ቀን ፀሐይዋን አያበርድልንም፣ ሌሊት ደግሞ ሙቀታችንን አያስቀርልንም። ሌላው ዓለም ሐሩሩና ቁሩ በየወቅቱ ይፈራረቁበታል። እኛ ጋ ሁለቱም በ24 ሰዓት ውስጥ ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ ነገም ይመለሳሉ።

ከጣሪያው እንጀምር፤ ጩኸቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው። የ1 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የሚረዝመው 0.012 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዓይን አያየውም። ጣሪያችን ላይ የተዘረጋው ቆርቆሮ ግን 1 ሜትር አይደለም፣ ሙቀቱም በ1 ዲግሪ አይመለስም። አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን የቀን ፀሐይ የመታው ያረጀ ቆርቆሮ ወደ 60 ዲግሪ ይጠጋል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ልዩነቱን 55 ዲግሪ እንበለው። የ6 ሜትር ቆርቆሮ በዚህ ልዩነት 4 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ መልሶም ያንኑ ያህል ያጥራል። ሰፈሩን በሙሉ እንቅልፍ የምትነሳው ይህቺው አራት ሚሊ ናት።

ቆርቆሮው ከሥሩ ካለው ሞራሌ ጋር በሚስማር ተቸንክሯል። እንጨት ደግሞ ሙቀት የሚያስረዝመው ከብረት በግማሽ ባነሰ መጠን ነው። አንዱ ልሂድ ሲል ሌላው አልሄድም ይላል። ሲተናነቁ ቆይተው ግፊቱ ሰበቃውን ሲያሸንፍ ቆርቆሮው በአንዴ ይንሸራተታል፤ ያኔ ነው «ጧ!» የሚለው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰው እራቱን በልቶ ጋደም ሲል ይጀምራል፣ ጠዋት ፀሐይ ጣሪያውን ስትነካ ደግሞ ይደግማል። አዲስ ተከራይ የገባ ሰሞን «ጣሪያው ላይ ሰው ወጥቷል!» ተብሎ ጥበቃው ባትሪ ይዞ ይሯሯጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ጎረቤት ይነሳል። ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

በኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ የደረሰውን ሰው ደግሞ አስቡት። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ ሲዛመት ደረጃ የመውጣቱ ነገር ነበር የሚወራው። አራተኛ ፎቅ የወጣለት ሰው ዕጣው በደረሰው ቀን እልል ብሏል፤ ደረጃውንም እያለከለከ ለምዶታል። የጣሪያውን ነገር ግን የነገረው የለም። ቀን ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየር እንደጋለ ይውላል፤ ማታ ቆርቆሮው ሲሰበሰብ ይንኳኳል፤ ንጋት ላይ ደግሞ የቤቱ ሰው ሌሊቱን የተነፈሰው እርጥብ አየር ከቀዘቀዘው ብረት ሥር ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይዘንብ ጣሪያው ያፈሳል ቢል ማን ያምነዋል?

ስስ ብረትን አጥፎ ጣሪያ ማድረግ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የሄንሪ ፓልመር ሐሳብ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1829 ነበር። ብልህ ሰው ነው። ቆርቆሮው በጎኑ ሲሞቅ እጥፋቶቹ እንደ አኮርዲዮን ስለሚለጠጡና ስለሚሰበሰቡ ችግር አይፈጥርም። በቁመቱ ግን የሚለጠጥ እጥፋት የለውም፤ እዚያ ላይ ነገሩ ለገጣሚው የተተወ ነው። ገጣሚያችን ደግሞ ሚስማሩን እስከ አናቱ ይመታና ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው በየቀኑ ወዲያና ወዲህ ሲል የሚስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፣ የምታሽገው ጎማ በፀሐይ ደርቃ ትሰነጠቃለች፤ ሐምሌ ሲገባ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ ይወጣል። ባለሙያው ተጠርቶ ይመጣል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያም ሁላችንም በቃላችን የያዝነውን መልስ ይሰጣል፦ «ጋሼ፣ ብረት እኮ ነው፤ ይለምዳል።»

ብረት አይለምድም፤ ይደክማል። ሺህ ጊዜ የተጎተተ ብረት በሺህ አንደኛው ጊዜ የሚጎተተው ይበልጥ ተዳክሞ ነው።

ከጣሪያው ወርደን ወደ ግቢው በር እንሂድ። የሰፈራችን ፋሽን ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ቀለም የተቀባ ሰፊ የላሜራ በር ነው። ጥቁር ቀለም ፀሐይን ያለ ስስት ይቀበላል። ባለ 4 ሜትሩ በር ጠዋት 8 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከሰዓት 55 ዲግሪ ሲደርስ ከ2 ሚሊ በላይ ይሰፋል። በዚያ ላይ የውጭ ገጹ ግሎ የውስጡ ጥላ ውስጥ ስለሆነ መሃሉ ወደ ፀሐይዋ ይነፋል። በዚህ ጊዜ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም። የበሩ በያጅ መጥቶ ጥቂት ግራሶ ይቀባውና «እትዬ፣ ከሰዓት አይታገሉት፤ ማታ ራሱ ይዘጋልዎታል» ብሎ ይሄዳል። እውነቱን ነው፤ ማታ ይዘጋል። ጠዋት ሲበርድ ደግሞ ቁልፉ ውስጥ ይላላና ንፋስ በመጣ ቁጥር ይንቋቋል። በሩ መቼ መዘጋት እንዳለበት የሚወስነው የአየር ጠባዩ ሆነ ማለት ነው።

በሩ ከመነሻውም ቀጥ ብሎ አልተሠራም። ብየዳ ብረቱን በአንድ ቦታ ያቀልጠዋል። ያ ቦታ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ሲያጥር ደግሞ በዙሪያው ያለውን ስስ ላሜራ ይስበዋል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለው አባባል ለቀጥቃጭ ነው እንጂ ለበያጅ አይሠራም። ለበያጅ የሚበጀው መጠበቅ ነው። በየቦታው ጥቂት ነጥብ እየበየደ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ጫፍ እያፈራረቀ፣ እየቀዘቀዘለት መሄድ አለበት። የእኛው ግን ሌላ ደንበኛ ስለሚጠብቀው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ይበይደዋል። ላሜራው ይጠማዘዛል፣ ሞገድ ያወጣል፤ ከዚያ በስቱኮና በቀለም ይሸፈናል። ቀለሙ ሞገዱን ለጊዜው ይደብቀው ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ስታርፍበት ግን ሞገዱ ተመልሶ ይታያል።

የአልሙኒየሙ መስኮትስ? አልሙኒየም በሙቀት የሚረዝመው የኮንክሪትን እጥፍ ያህል ነው፤ ብርጭቆው ደግሞ የአልሙኒየምን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሦስቱን አንድ ቦታ ስትከቷቸው ሦስቱም በየራሳቸው መጠን ይረዝማሉ። ስለዚህ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል የሚለጠጥ ሲሊኮን ይገባል፤ ብርጭቆውም በጎማ ላይ ይቀመጣል። ሰፈራችን ውስጥ ግን ፍሬሙ ዙሪያውን በሲሚንቶ ይታሸጋል፤ «ጠንከር ይበል» ተብሎ ነው። ከሰዓት መስኮቱን ልግፋ ብትሉ አይንቀሳቀስም። የተነፈገውን ቦታ ከየት ያምጣ? ወይ ራሱ ይጎብጣል ወይ ልስኑን ይሰነጥቃል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያደርጋል።

ስለ ስንጥቅ ካነሳን ለፀሐይ ፍትሕ እንስጥ፤ ሁሉም ስንጥቅ የእርሷ አይደለም። ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ፣ ከሰሚት እስከ ቦሌ ቡልቡላ ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል። በጥር አፈሩ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲያወጣ አጥርና መሠረትም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ደረጃ እየሠራ በብሎኬቶቹ መካከል የሚወርደው ስንጥቅ ሲታይ መሬቱን ጠርጥሩ። በኮንክሪቱ ዓምድና በብሎኬቱ መገናኛ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቀጭን መስመር ደግሞ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመው በየፊናቸው ሲነቃነቁ የሚመጣ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ መገናኛው ላይ መረብ አድርጎ መለሰን ወይም ክፍተቱን በግልጽ መተው። እኛ ዘንድ መፍትሔው ለፋሲካ ቀለም መቀባት ነው። ስንጥቁ ለገና ይመለሳል።

በረንዳ ላይ ያለው ሴራሚክ ሌላው ጉድ ነው። ሁሉም ሰው ሴራሚኩ «ገጥሞ» እንዲነጠፍለት ይፈልጋል። መስመሩ ሲጠብ ያምራል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንም ሳይተው ይነጠፋል። ከዚያ አንድ የመጋቢት ቀን ማንም ሳይነካው ሁለቱ ግንባር ለግንባር ተገፋፍተው ይነሳሉ፤ ድምፁ ቤቱን ያስደነግጣል። ሴራሚኩ በፀሐይ ሰፍቷል፣ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ደግሞ ከፈሰሰበት ቀን ጀምሮ እየደረቀ ተኮማትሯል፤ መካከል ላይ የተያዘው ማጣበቂያ ለቀቀ። በግድግዳው ሥር፣ በዞክሎው ተሸፍኖ ማንም የማያየው የጥቂት ሚሊ ክፍተት ቢተው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። «የማይታይ ነገር ለምን እንተዋለን?» ብሎ የሚከራከር ሠራተኛ አጋጥሞኛል። መልስ አላገኘሁለትም፤ የማይታይ በመሆኑ ነው እኮ መተው የነበረበት!

ፕላስቲኩማ ከብረቱ ይብሳል። የሙቅ ውሃ መስመር የሚዘረጋበት ፒፒአር ቱቦ ለየ1 ሜትሩ በየ1 ዲግሪው 0.15 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ከብረት ከ10 እጥፍ በላይ። ጠዋት 10 ዲግሪ የነበረ የ10 ሜትር ቱቦ 60 ዲግሪ ውሃ ሲያልፍበት 7 ሴንቲሜትር ተኩል ይጨምራል። ስለዚህ ነው በግድግዳችን ላይ ተዘርግቶ የምናየው ቱቦ እየተጠማዘዘ የሚሄደው። ውስጡ የአልሙኒየም ወይም የፋይበር ንጣፍ ያለው ቱቦ ቢሆን በብዙ እጥፍ ይቀንስ ነበር፤ ግን ዋጋው ጨመር ይላል። ጨመር የሚል ነገር ደግሞ ሳይት ላይ አይገዛም። ጥቁሩ የውሃ ታንከርም ቢሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለእግር የሚያቃጥል፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ለፊት የሚያደነዝዝ ውሃ ያቀርባል። በፈረቃ የመጣ ውሃ ስለሆነ ግን ማማረር ነውር ነው።

ወጥ ቤት ስንገባ እሮሮው ይለሰልስ ይሆን? አይለሰልስም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት ያላነሰ ኃይል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ሦስተኛው እንጀራ ላይ ብሬከሩ «ጠቅ» ይልና ይወድቃል። ብሬከሩ ውስጥ በሙቀት እኩል የማይረዝሙ ሁለት ብረቶች ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁበት ቀጭን ቅጠል አለ። ኃይሉ ሲበዛ ቅጠሉ ይሞቃል፣ አንዱ ብረት ከሌላው ስለሚረዝም ይጎብጣል፣ ጎብጦም ማጥፊያውን ይለቃል። ይህን ዘዴ እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ሰዓቱ በሙቀትና በብርድ እንዳይሳሳት ብሎ ያመጣው ነው፤ ዛሬ በካውያውም ውስጥ ሙቀቱን ይቆጣጠራል። መጉበጡ ሕይወታችንን ከእሳት ያድናል፤ ክብር ይግባው። ግን የብሬከሩን ሳጥን ፀሐይ በሚመታው የደረጃ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ማነው? ቅጠሉ ገና ምጣዱ ሳይሰካ ግማሽ መንገድ ጎብጦ ይጠብቀናል። ከዚያ «የእናንተ ምጣድ ነው የሚያስቸግረው» እንባላለን።

ምጣዱ ራሱም ሸክላ ነው። ሸክላ ሙቀትን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያደርሰው በዝግታ ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ቀስ አድርገው አሟሽተው፣ በጎመን ዘር እያሰሱ የሚያለማምዱት ለዚህ ነበር። የዛሬ ቸኳይ ግን ከውርጭ የወጣውን ምጣድ ሰክቶ በሙሉ ኃይል ያግለዋል፤ የጋለው መሃል ሊሰፋ ሲል የበረደው ዳር አላሰፋም ይለዋል፤ ምጣዱ ለሁለት ይከፈላል። ሰው በሸክላው ይፈርዳል። ከሥሩ ያለው ሽቦም እየጋለ እየረገበ፣ እየበረደ እየተሰበሰበ ቆይቶ አንድ ቀን ይበጠሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለበዓል ዋዜማ።

ብርጭቆም እንዲሁ ነው። ወፍራም ብርጭቆ ጠንካራ ይመስላል፤ የፈላ ሻይ ሲፈስበት ግን የውስጡ ገጽ ወዲያው ሲሰፋ የውጭው ገና ብርድ ላይ ነው፤ ይሰነጠቃል። ስሱ ብርጭቆ ቶሎ እኩል ስለሚሞቅ ይተርፋል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ብርጭቆው 8 ዲግሪ ቅናሽ ተደርጎለት እንኳ ይፈነዳል! ጀርመናዊው ኦቶ ሾት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቦሮን ጨምሮ የሠራው ዓይነት ብርጭቆ የተራውን ብርጭቆ ሲሶ ያህል ብቻ ይሰፋል፤ ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ፓይሬክስ በሚል ስም ወጥ ቤት ገብቷል። ገበያ ላይ ስሙ የተጻፈበት ሁሉ ግን ያው ተራ ብርጭቆ መሆኑን የምናውቀው ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ነው።

ወደ መንገድ እንውጣ። በቀለበት መንገዱም ሆነ በሌሎቹ ድልድዮች ላይ መኪናችን «ዷ» እያለ የሚዘላቸው የብረት መገናኛዎች የተቀመጡት ኮንክሪቱ ሲሞቅ እንዲዘረጋ ነው። ለነገሩ ክፍተት የተተወለት ብቸኛው ቦታ ይህ ይመስለኛል፤ እሱንም በአፈር፣ በጠጠርና በአስፋልት እንሞላዋለን። ጠጠር የገባበት ክፍተት ደግሞ አይዘጋም። የሚገፋው ኮንክሪት የመገናኛውን ጠርዝ ይሰብራል፣ ብረቱ ብቅ ይላል፣ የጎማ ቤት ባለቤቱ ይደሰታል። አስፋልቱም ቀን ሲለሰልስ መብራት ላይ የቆመው ከባድ መኪና ይጭነዋል፤ ሌሊት በተጫነበት ቅርጽ ይጠነክራል። ስለዚህ መስቀለኛ መንገዶቻችን ላይ መሪው በራሱ ይሄዳል።

ባቡሩስ? ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የቀላል ባቡር መስመር ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዮቹ ባቡር ሐዲድ በየመገጣጠሚያው ለሙቀት የተተወ ክፍተት ስለነበረው «ቻክ ቻክ» እያለ ይሄድ ነበር። ዘመናዊ ሐዲድ በአብዛኛው ተበይዶ አንድ ወጥ ይሆናል፤ አይረዝምም እንዳይባል ይረዝማል፣ ቦታ የለውም እንጂ። በ1 ሜትር 50 ኪሎ የሚመዝን ሐዲድ እንዳይንቀሳቀስ ታስሮ በ30 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ 50 ቶን ያህል ግፊት ይይዛል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሐዲዱን የሚያስረው መካከለኛ በሆነ ሙቀት ላይ ሳለ ነው፤ ማሰሪያውም በየጊዜው ይፈተሻል። ክፍተት መተው ካልተቻለ ጥንቃቄ ይተካዋል ማለት ነው። ሁለቱንም መተው ግን አይቻልም። የኤሌክትሪክ ሽቦውም እንዲሁ ሲግል ይረግባል፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 ኦሃዮ ውስጥ ሽቦዎች ረግበው ዛፍ በመንካታቸው የጀመረ ጣጣ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ከቷል። እኛ መብራት ሲጠፋ የሽቦና የዛፍ ታሪክ እንኳ አይነገረንም።

ቦሌ መንገድ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ብርጭቆ የለበሱ ሕንፃዎች አሉ። የራሳቸውን ሙቀት በማቀዝቀዣ ያስወጣሉ፣ የፀሐይዋን ነጸብራቅ ደግሞ በትይዩው ላለው ሱቅ ይልካሉ። ከበላያቸው ድሪምላይነሩ ያልፋል፤ አየር መንገዳችን በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው። የዚህ አውሮፕላን ክብደት ግማሽ ያህሉ የካርቦን ፋይበር ውህድ ነው፤ በሙቀትና በብርድ መርዘም ማጠሩ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቀን በቀን በሚንቋቋው ቆርቆሮአችን ላይ የማይንቋቋው አውሮፕላን ያልፋል። ብረትን ዝም ማሰኘትም ቢሆን ከተገኘ ቆይቷል። ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ኤድዋር ጊዮም በ1896 እ.ኤ.አ. ከብረትና ከኒኬል የቀላቀለው ኢንቫር በሙቀት እምብዛም አይነቃነቅም፤ በ1920ም ኖቤል አሸልሞታል። ኢንቫር ግን ለጣሪያ አይሆንም፤ ውድ ነው። አይጠበቅብንምም። የፓሪሱ ኤፍል ማማ በተራ ብረት ተሠርቶ በሞቃት ቀን እስከ 15 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ከ1889 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ቆሟል። መርዘሙ ታስቦበታልና።

እሮሮዬ ይህን ያህል ነው። ኢንቫርም ድሪምላይነርም አልጠየቅንም። የቆርቆሮው ቀዳዳ ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ይበል። መስኮቱ ዙሪያ ሲሚንቶ ሳይሆን ሲሊኮን ይግባ። ሴራሚኩ ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ። በሩ ጥቁር ሳይሆን ነጣ ያለ ቀለም ይቀባ። የቱቦው መስመር አንድ ቦታ መታጠፊያ ይኑረው። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን ምሳ የበለጠ አያስወጣም። ውሉ ላይ ግን ጦርነት፣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» ተብለው ሲዘረዘሩ አይቻለሁ፤ የፀሐይ መውጣት አልተዘረዘረም። በየቀኑ የምትመጣን እንግዳ አላወቅኳትም ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ቤት የምትረከቡ፣ ጣሪያ የምታስመቱ፣ በር የምታሠሩ ወገኖቼ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ባለሙያውን በትሕትና አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ ይኼ ነገር ሲሞቅ የሚሄደው ወዴት ነው?» ጣቱን ጠቁሞ ክፍተቱን ካሳያችሁ ገንዘቡን ከምርቃት ጋር ስጡት። «ኧረ አይሄድም!» ካላችሁ ግን ገንዘቡን ለጊዜው ያዙበት። መጀመሪያ ይከፋው ይሆናል፤ ይለምዳል።